በውርጭ አገር የዶሮ ውሃ መጠጫ፦ ብረት ወይስ ፕላስቲክ?

በዛሬው የእርሻ ትምህርት ጊዜያችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከቁም ነገር የማይቈጠር የሚመስል፣ ነገር ግን በደጋና በውርጭ አገር ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ከኅዳር እስከ ጥር በየማለዳው ደጃፉ ላይ የሚያገኘው ነው፤ ይኸውም ዶሮዎች ውሃ የሚጠጡበት ዕቃ በረዶ ሠርቶ በሚያድርበት ወራት፣ ዕቃው ከብረት የተሠራ ቢሆን ይሻላል ወይስ ከፕላስቲክ የሚለው ጥያቄ ነው። በገበያ አንዱ ነጋዴ ብረቱን በጽናቱ ያመሰግነዋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ፕላስቲኩን በቅለቱና በርካሽነቱ ያመሰግነዋል፤ ሁለቱም ያላቸውን ስለሚሸጡ አይፈረድባቸውም። ገዢው ግን ከኪሱ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መመርመር የሚገባው የዕቃውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የብርዱንም ጠባይ ነው፤ ብርድ ሁሉ አንድ አይደለምና።

በአገራችን ውርጭ የሚጥለው ክረምቱ አልፎ፣ ደመናው ተገፎ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ሰሜን ወደ መንዝ የሚዘልቅ መንገደኛም በመሐል ሜዳና በጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አየር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በዚያ ላይ ደመና የሌለበት ሌሊት ሲታከልበት፣ ምድር በመዓልት ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ከልካይ ወደሌለበት ሰማይ ትለቀውና ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ለብሶ፣ ባቄላው ጠውልጎ፣ በጣሳ ያደረው ውሃ ላዩ ረግቶ ይገኛል። ነገር ግን ይኸው ብርድ ሌሊቱን እንጂ ቀኑን አይገዛም፤ ከጧቱ 3 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ስትበረታ በረዶው ይቀልጣል፤ እኩለ ቀን ላይ እረኛው ጋቢውን አውልቆ ይቀመጣል።

በአንጻሩ በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች፣ በጥር ወር የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀትር ላይም ቢሆን ከዜሮ በላይ የማይወጣባቸው ቀናት ይደራረባሉ፤ ስለዚህ እዚያ አንድ ጊዜ የረጋ ውሃ ሰው ካላቀለጠው በቀር ፀሐይ አታቀልጠውም። ከእቶን እሳት መካከል የቆሙት ሠለስቱ ደቂቅ ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ ውርጩንና በረዶውን እንኳ አልተዉም፤ ዶሮ አርቢው ግን በታኅሣሥ ማለዳ የረጋውን ገንዳ በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ያንን ምስጋና ለማስታወስ ጥቂት ትዕግሥት ሳያስፈልገው አይቀርም።

ለመሆኑ ዶሮ ለጥቂት ሰዓት ውሃ ብታጣ ምን ትሆናለች? እንቁላል፣ ቅርፊቱ ሳይቈጠር፣ ከክብደቱ ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ከተሻሻለው ዘር የሆነች አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ የምትጠጣው ውሃ ደግሞ የመኖው እጥፍ ገደማ፣ ይኸውም እስከ ሩብ ሊትር ነው። የበላችው እህል አንገቷ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ በውሃ ካልራሰ ወደ ታች አይወርድላትም፤ ስለዚህ ውሃ የተከለከለች ዶሮ መኖው ከፊቷ ተትረፍርፎ እያለ መብላት ታቆማለች፤ ቀኑን ሙሉ ከተጠማችም እንቁላል መጣሏ ይጓደላል፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስም ብዙ ቀናት ይፈጅባታል። እዚህ ላይ በሚገባ መታወቅ ያለበት ዶሮ በጨለማ የማትጠጣ መሆኗ ነው። አብዝታ የምትጠጣው በማለዳ ከቆጥ ስትወርድና በመሸ ጊዜ ወደ ቆጥ ከመውጣቷ በፊት ነው። እንግዲያስ በረዶው የሚጎዳት በሌሊት ውሃ ስላሳጣት አይደለም፤ ከንጋት እስከ 3 ሰዓት ያለችውን፣ ከሁሉ የበለጠ የምትጠማባትን ሰዓት ስለሚነጥቃት ነው። የዕቃው ምርጫም በሙሉ በዚህች ሰዓት ላይ የሚንጠለጠል ነው።

ወደ ዕቃው ከመሄዳችን በፊት ስለ ውሃው ጥቂት እንናገር። ሌላው ፈሳሽ አብዛኛው በቀዘቀዘ መጠን እየጠበቀ ሲሄድ፣ ውሃ ግን ይህን ሕግ የሚጠብቀው እስከ 4 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ መልሶ መስፋት ይጀምራል፤ በረዶ ሲሆንም ይዘቱ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። ለዚህ ነው በረዶ ከላይ እንጂ ከታች የማይጀምረው፤ ለዚህም ነው ሞልቶ የተከደነ ዕቃ ሌሊቱን ሰፍቶ መውጫ ባጣ በረዶ የሚሰነጠቀው። ሁለተኛው የውሃ ጠባይ ግን ለአርቢው ረዳት ነው፤ አንድ ግራም ውሃ ከ10 ዲግሪ ወደ ዜሮ እስኪወርድ የሚለቀው ሙቀት 10 ካሎሪ ሲሆን፣ ዜሮ ከደረሰ በኋላ ፈጽሞ በረዶ እስኪሆን ድረስ ሌላ 80 ካሎሪ መልቀቅ አለበት። ከዚህ የተነሣ ጠልቆና በዝቶ የተቀመጠ ውሃ አጭሩን የውርጭ ሰዓት ላዩ ብቻ ረግቶ ሊያልፈው ይችላል፤ በዝርግ ሳሕን ላይ የፈሰሰው ስስ ውሃ ግን እስከ ሥሩ ይደርቃል። ብረት ነው ፕላስቲክ ነው ከማለት በፊት ጥልቅ ነው ዝርግ ነው ማለት እንደሚቀድም ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዕቃዎች እንመለስ። በማለዳ የብረት ጣሳ የጨበጠ እጅ ከእንጨት ዋንጫ ይልቅ የሚቀዘቅዘው ብረቱ ከእንጨቱ ይልቅ ቀዝቅዞ ስላደረ አይደለም፤ ሁለቱም ያደሩት በአንድ አየር ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ብረት የእጅን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል። ፕላስቲክም በዚህ ጠባዩ ከእንጨቱ ወገን ነው፤ የብረት ሙቀት አስተላላፊነት ከእርሱ መቶ እጥፍ ያህልና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ይህን የሰማ ሁሉ ወዲያው ፕላስቲክ ውሃውን ከመርጋት ያድናል ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን ችኩል ነው። የዕቃው ግድግዳ ውፍረቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ፣ አብዛኛው ሙቀት ደግሞ የሚያመልጠው በግድግዳው ሳይሆን ለሰማይና ለነፋስ በተገለጠው በውሃው ገጽ ስለሆነ፣ ፕላስቲክ በረዶውን ጥቂት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኔ እንደማየው፣ ከፕላስቲክነቱ ይልቅ በላዩ የሚጋደም አንድ ሳንቃ፣ ወይም ዕቃውን ከግንቡ ጥግ ከነፋስ አስጠግቶ ማስቀመጥ የበለጠ ይሠራል።

በየከተማው የሚሸጠው የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ከብረትም ይሁን ከፕላስቲክ፣ አሠራሩ አንድ ነው፤ ውሃ የሞላ ማጠራቀሚያ በሳሕን ላይ ተደፍቶ፣ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል። ውሃው ሁሉ ፈስሶ የማያልቀው ከውጭ ያለው አየር የሳሕኑን ውሃ ተጭኖ ስለሚይዘው ነው፤ ይህንንም የአየር ክብደት ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1643 በሜርኩሪ ገልጦ አሳይቶታል። ዶሮዋ ጠጥታ የሳሕኑ ውሃ ከቀዳዳው በታች ሲወርድ አየር ይገባል፤ በምትኩ ውሃ ይወጣል። ታዲያ ውርጭ በመጣ ጊዜ ቀድሞ የሚረጋው ያ በሳሕኑ ጠርዝ ያለው ስስ ውሃ ስለሆነ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ከላይ ያለው ብዙ ውሃ ሳይረጋ እያለ ዶሮዎቹ በዙሪያው ተሰብስበው ይጠማሉ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ማጠራቀሚያው ጎዶሎ ሆኖ አድሮ እንደሆነ በውስጡ ያለው አየር ሙቀት ሲያገኝ ይሰፋና ውሃውን ገፍቶ በሳሕኑ ላይ ያፈሰዋል፤ ጉዝጓዙም ይረጥባል። ብረት ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስገባ ይህ በብረቱ ዕቃ ላይ ይብሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሲሞሉ እስከ አፉ መሙላት፣ ለዶሮዎቹ ቍጥር የሚበዛ እንደሆነም ትንሹን ዕቃ መግዛት ነው።

የብረቱ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በዚንክ የተነከረ ቆርቆሮ ነው። ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ጥበብ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ የቤታችን ጣሪያም በዚሁ ጥበብ የተሠራ ነው። በንጹሕ ውሃ ላይ ይህ ልባስ ምንም ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው፤ አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋልና፣ ዚንክም ሲበዛ ለአዕዋፍ መርዝ ነውና። በአገራችን ዶሮ ስታስነጥስ በውሃዋ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ በአሜሪካ አገርም ለጤና ነው እየተባለ የፖም ኮምጣጤ ማንጠብጠብ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው የብረቱን ዕቃ ትቶ በፕላስቲክ ወይም በሸክላ ያድርገው። ልባሱ ተፍቆ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካወጣ፣ ከሥሩም ዝገት ከታየ፣ የዕቃው ዘመን አልቋል።

ስለ ፕላስቲክ ሲናገሩ ደግሞ ብዙ ሰዎች ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ ቢያዩት በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቍጥር ይገኛል። 5 ቍጥር ያለበት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ይህ በሙቀት ጊዜ ብርቱ ሆኖ ሳለ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ይደርቅና በትንሽ ምት ይሰበራል፤ በረዶ ለማውጣት መሬት ላይ የተመታ የፕላስቲክ ባልዲ እንደ ሸክላ የሚፈረካከሰው በዚህ ምክንያት ነው። 2 ቍጥር ያለበት ግን ጠንካራው ፖሊኢቲሊን ነው፤ እርሱ በኃይለኛ ብርድ ውስጥ እንኳ መተጣጠፉን አይተውም። ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ስለዚህ በደጋ አገር ያለ ገበሬ ጀሪካኑን በጎኑ አስተኝቶ፣ የላዩን ፊት በቢላዋ ቈርጦ፣ ጠርዙን በእሳት ለብለብ አድርጎ ቢያለሰልሰው፣ ከከተማ ተገዝቶ ከሚመጣው ብዙ ዕቃ የሚሻል ገንዳ በእጁ አለ። የፕላስቲክ ጠላቱ ከብርዱ ይልቅ የደጋው ፀሐይ ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሲመታው ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ሰውነቱንም ያደርቀዋል። ብርሃን የሚያሳልፈው ነጭ ፕላስቲክም ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚያበቅል፣ ጠቆር ያለውን መምረጥ ይገባል፤ ጥቁር ነገር የጧትን ፀሐይ ስለሚጠጣም በረዶውን ቶሎ ይለቃል።

ከሁለቱም ውጭ የሆነ ሦስተኛ ዕቃ ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም፤ እርሱም የአሮጌ መኪና ጎማ ነው። ጎማ ለሁለት ተሰንጥቆ ገንዳ ሲሆን በገጠራችን ለከብት ማጠጫ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ በሰሜን አሜሪካም ገበሬዎች ለክረምት የሚመርጡት የጎማ ሳሕን አለ። በረዶው ሰፍቶ ሲገፋው ጎማ ስለሚለጠጥ አይሰነጠቅም፤ በማለዳም ገልብጦ በእግር ረገጥ ቢያደርጉት የረጋው ሁሉ ተላቆ ይወድቃል። ለዶሮ የሚሆነው የትንሽ መኪና ጎማ ነው፤ የትልቁ ጥልቀት ጫጩት ያሰምጣል፤ እንቁላል ጣይዋንም ደረቷን ያረጥባታል። ሸክላን በተመለከተ ግን፣ በሙቀት ጊዜ የሚያቀዘቅዘውን ያህል በውርጭ አይታመንም፤ በሰውነቱ ቀዳዳዎች የገባው ውሃ ሲረጋ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝ፣ በአጠቃላይም ብርዱ ሌሊት መጥቶ ጧት ለሚሄድበት ደጋ ሁሉ፣ እኔ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ፤ ይኸውም 2 ቍጥር ያለበትን፣ ወይም ጎማውን። ምክንያቴም ፕላስቲክ ውሃውን ያሞቀዋል ብዬ አይደለም። ዶሮ በጨለማ ስለማትጠጣ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ዕቃውን ገልብጦ ባዶውን ማሳደር ይቻላል፤ ባዶ ዕቃ የሚረጋ ነገር የለውም። በነጋታው ጎህ ሲቀድ፣ ምድጃው ሲጫር፣ ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበታል፤ ለብ ያለ እንጂ የፈላ አይደለም። ያ ውሃ ቀዝቅዞ በረዶ ከመሆኑ በፊት ፀሐይ ትደርስለታለች። ይህ ሥራ የሚፈልገው ቀላል፣ ርካሽና በየቀኑ በአመድና በውሃ የሚታጠብ ዕቃ ነው፤ በዚህም ፕላስቲክን የሚወዳደረው የለም። ዶሮዎቹ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ደግሞ ሥራው ከዚህም ይቀላል፤ የውሃውን ዕቃ ከምድጃው አጠገብ አሳድሮ በማለዳ ከዶሮዎቹ ጋር ማውጣት ነው። በኮሎራዶ በዴንቨር አካባቢ ያሉ ወገኖቻችንም፣ እዚያ ያለው የክረምት ቀን ብዙ ጊዜ በቀትር ከዜሮ በላይ ስለሚወጣ፣ ይህን ሥርዐት በአብዛኛው ሊከተሉት ይችላሉ።

ለሚኒሶታ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። እዚያ ፀሐይ ስለማትረዳ እሳት መርዳት አለበት፤ እሳትን የሚችለው ደግሞ ብረት ነው። ግድግዳው ድርብ የሆነው የቆርቆሮ መጠጫ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ዝርግ መቀመጫ ላይ ይደረጋል፤ ብረት ሙቀትን ፈጥኖ ያሳልፋል ብለን ቀድሞ የነቀፍነው ጠባዩ እዚህ ላይ ምስጋናው ይሆናል፤ ከታች የገባው ሙቀት እስከ ጠርዙ ድረስ ይወጣለታልና። ተራ ፕላስቲክ በዚህ መቀመጫ ላይ ቢደረግ ሊቀልጥ ይችላል፤ የሚሞቅ ፕላስቲክ የሚፈልግ ሰው ማሞቂያው በውስጡ የተሠራለትን መግዛት አለበት። 125 ዋት የሆነ መቀመጫ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብቻ የሚነሣ መቈጣጠሪያ ካለው ከዚህ በጣም ያንሳል። ከቆርቆሮ ጣሳ ሥር አምፑል አግብቶ የሚሠራውን የቤት ጥበብ ብዙዎች ያደንቁታል፤ እኔ ገለባና ላባ በሞላበት ቤት ውስጥ አልመክረውም። ሽቦውም ዶሮ በማትረግጠውና ውሃ በማይደርስበት በኩል ይሰቀል። አንዳንዶች በውሃው ላይ ጨው መጨመርን ያስባሉ፤ ጨው የመርጊያውን ዲግሪ ዝቅ ማድረጉ እውነት ቢሆንም፣ ያን ያህል ጨው የጠጣች ዶሮ ከብርዱ በፊት በጨው ትሞታለች።

ከዕቃው አፍ ስፋት ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ቀርቶናል። በዶሮ አናት ላይ የሚቆመውና ከመንቆሯ ሥር የሚንጠለጠለው ቀይ ሥጋ፣ በሰፊ ገንዳ ስትጠጣ ይርስና በውርጭ ነፋስ ይሞታል፤ ጫፉ ይጠቁራል፣ ቈይቶም ይረግፋል። በተለይ አውራው ዶሮ በዚህ ይጎዳል። ስለሆነም የመጠጫው ጠርዝ ጠባብ፣ መንቆር ብቻ የሚያስገባ ቢሆን ይመረጣል። በካናዳ፣ በኩቤክ አውራጃ፣ በኦካ ገዳም የነበረ ዊልፍሪድ ሻትላን የተባለ መነኩሴ ይህንኑ ጉዳት አይቶ መድኃኒቱን ከዕቃው ሳይሆን ከዶሮዋ ፈልጎታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ልዩ ልዩ ዘሮችን ለዓመታት እያዳቀለ፣ የራሷና የአንገቷ ሥጋ እጅግ ያነሰ፣ በክረምትም የምትጥል ሻንቴክሌር የምትባል ዶሮ አውጥቷል። ገዳማውያን ንብ በማርባትና በወይን ተክል እንደሚታወቁ እንሰማለን፤ የዶሮን ራስ ያሳጠረ መነኩሴ መኖሩ ግን ለእኔ ልዩ ደስታ ይሰጠኛል።

በመጨረሻ የብረት ዕቃ ወዳጆች አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ፕላስቲክ መዋስ አለባቸው፤ እርሱም የፈንግል ክትባት በውሃ የሚሰጥበት ቀን ነው። ይህ ክትባት ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ብረትና ክሎሪን ይገድሉታል፤ ስለዚህ የሚበጠበጠው በንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ክሎሪን ባልነካው ውሃ ነው፤ ዕቃው በሳሙና ታጥቦ እንደሆነም ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ መለቅለቅ ያስፈልጋል። ዶሮዎቹ አስቀድሞ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ውሃ ይከለከሉና፣ ሲቀርብላቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱት ይደረጋል። ሙቀትም ክትባቱን ስለሚጎዳው፣ በውርጭ ወራት የለመድነውን ለብ ያለ ውሃ በዚያን ዕለት መጠቀም አይገባም፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጧት ቢሰጥ ደግሞ ሊረጋ ይችላልና፣ የውርጭ አገር ሰው ክትባቱን በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ በ4 ሰዓት አካባቢ፣ ዕቃውን ከፀሐይ አስጠልሎ ቢሰጥ ይሻላል።